ደጅ የማያስጠና ሕግ

በ2025 መገባደጃ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንዲት ወዳጄ ቤት ነበርኩ። ልጇ አራት ወሩ ነበር። ቡናው እስኪፈላ ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን ፖስታዎች አንድ በአንድ ከፈትን። የሬንት፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ከልጁ ሐኪም ቤት የመጣ፣ የመብራት። የኦገስቱን የመብራት ቢል አንሥታ “ይኼ ምንድነው? ተሳስተው ይሆን?” አለችኝ። ወደ 40 ዶላር ተቀንሷል። ቢል ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አይታ አታውቅም።

አልተሳሳቱም። ገንዘቡ በሜሪላንድ ዋና ከተማ በአናፖሊስ በወጣ ሕግ የመጣ ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በ2025 ባጸደቀው የኃይል ሕግ እያንዳንዱ ቤተሰብ በአማካይ 80 ዶላር ያህል እንዲመለስለት ተወስኗል። ግማሹ በኦገስት 2025፣ ግማሹ በጃንዋሪ 2026። ማመልከቻ የለው፣ ፎርም የለው። ቢሉ ላይ ራሱ ተቀንሶ መጣ።

“እስቲ እንዲህ ዓይነቱን ያብዛልን” አለች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ስጠይቅና ስቆጥር ሰነበትኩ። ለሠርቶ አደር ቤተሰብ ኑሮ ይቅለል ተብለው ሜሪላንድ ውስጥ የወጡ ሕጎች ጥቂት አይደሉም። የትኞቹ ናቸው እስከ ቤታችን የደረሱት? የትኞቹስ መንገድ ላይ ቀሩ? (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ስለ አናፖሊስ ጥቂት ልበል። ብዙዎቻችን ኋይት ሐውስ ውስጥ የሆነውን ሌት ተቀን እናወራለን። የግዛታችን ምክር ቤት ግን ትዝ አይለንም። 141 የታችኛው ምክር ቤት አባላትና 47 ሴናተሮች በየዓመቱ በጃንዋሪ ይሰበሰባሉ። የሚቀመጡት 90 ቀን ብቻ ነው። ኤፕሪል ላይ፣ እኩለ ሌሊት ሲሞላ፣ ያልጸደቀው ረቂቅ ሁሉ ይወድቃል። የደመወዝ ወለል፣ የቤት ኪራይ ሕግ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የዴይኬር (የሕፃናት ማዋያ) ድጎማ፣ የታክስ ተመላሽ፣ ሁሉም በነዚያ 90 ቀናት ውስጥ ነው የሚወሰነው። ኪሳችንን የሚነካው ብዙው ነገር እዚያ ነው ያለው።

ከመብራቱ ልጀምር። ሜሪላንድ ከምትጠቀመው ኃይል ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን የምታገኘው ከውጭ ነው። ፒጄኤም የሚባል፣ 13 ግዛቶችንና ዲሲን የሚያገናኝ መረብ አለ። ይህ መረብ ለክፉ ቀን የሚሆን ኃይል ከአምራቾች በጨረታ ይይዛል። የጨረታው ዋጋ ለአንድ ሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር ነበር። በ2024 በተካሄደው ጨረታ 269.92 ዶላር ሆነ። ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያ ዋጋ ከጁን 2025 ጀምሮ ቢላችን ውስጥ ገባ። ለምን ጨመረ? በተለይ ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ የበዙት የዳታ ማዕከሎች ኃይል ይውጣሉ። የድሮ ማመንጫዎች ተዘግተዋል። አዲሶቹ ደግሞ ቶሎ አይደርሱም።

እንግዲህ 80 ዶላሯ በዚህ መሀል የመጣች ናት። ሳይለመን የመጣ ገንዘብ በመሆኑ ደስ ይለኛል። ግን የአንድ ጊዜ ናት፤ ቢሉ ደግሞ በየወሩ ነው። ሕጉ አዳዲስ ማመንጫዎች ቶሎ እንዲፈቀዱም ያዛል። ያ ፍሬ ለማፍራት ግን ዓመታት ይፈልጋል። ወዳጄ የሴፕቴምበሩን ቢል ስትከፍት የተቀነሰ ነገር አልነበረም።

ከሁሉ የምወደው ሕግ በ2024 የወጣው የዲፖዚት (የቤት ኪራይ ማስያዣ) ሕግ ነው። ቀድሞ አከራይ እስከ ሁለት ወር ኪራይ ዲፖዚት መጠየቅ ይችል ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በስተቀር፣ ከአንድ ወር በላይ አይቻልም። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን 1,900 ዶላር የሚከራይ ቤት ውሰዱ። ድሮ ቁልፍ ለመቀበል የሁለት ወር ዲፖዚትና የመጀመሪያ ወር ኪራይ ተደምሮ 5,700 ዶላር ያስፈልጋል። አሁን 3,800። ልዩነቱ 1,900 ዶላር ነው። ይህ ለአዲስ መጤ ቤተሰብ የጥቂት ወራት ቁጠባ ነው።

እኔ ራሴ የመጀመሪያውን አፓርታማ ስከራይ የሁለት ወር ዲፖዚት ተጠይቄአለሁ። አልነበረኝም። ዕቁባችን ውስጥ ዕጣው ደርሶት የነበረ ወንድም ተራውን ለቀቀልኝና በሱ ገባሁ። እሱም ገንዘቡን ሊያውልበት ያሰበው ጉዳይ ነበረው፤ ለኔ ሲል አዘገየው። ስለዚህ ይህን ሕግ ሳይ የማስበው ስለዚያ ወንድሜ ነው። ሕጉ ለመንግሥት ይህ ነው የሚባል ወጪ የለውም። ተከራዩም ፎርም አይሞላም። አከራዩ ከአንድ ወር በላይ አይጠይቅም፤ አለቀ። ስትለቁም ገንዘባችሁ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ያለ በቂ ምክንያት የያዘ አከራይ ፍርድ ቤት ከቀረበ እስከ ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች “በቃ ቀረ” ብለው ትተውታል።

ኪራዩ ራሱ ሲጨምርስ? እዚህ ላይ ግዛቱ ዝም ብሏል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንጎመሪ ካውንቲ ግን በ2023 የራሱን ሕግ አወጣ፤ ከጁላይ 2024 ጀምሮም ይሠራል። ጭማሪው የዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተደምሮ ነው፤ ከ6 በመቶ ግን አያልፍም። 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎች አይነኩም። ስለዚህ አዲስና የሚያብረቀርቅ ሕንፃ ውስጥ ያላችሁ በዚህ አትተማመኑ። አከራይ ያለ በቂ ምክንያት “ውል አላድስም” እንዳይል ካውንቲዎች እንዲከለክሉ የሚፈቅድ ረቂቅ በ2024ም በ2025ም አናፖሊስ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀርቷል። የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ያ ሕግ ያስፈልጋል። “ሻጋታውን አስጠግኑልኝ ካልኩ ውሌን አያድሱልኝም” ብላ ሻጋታ ባለበት ክፍል ልጅ የምታሳድግ እናት አውቃለሁ።

አሁን ወደ ደመወዝ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሜሪላንድ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 15 ዶላር ነው። ገዥው ዌስ ሙር ረቂቁን ሲያቀርቡ ክፍያው ከዚያ በኋላ ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ እንዲያድግ ሐሳብ ነበራቸው። ምክር ቤቱ ያንን ክፍል አወጣው። ስለዚህ 15 ዶላሩ ባለበት ቆሟል። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሬንቱ ግን አልቆመም።

የሞንጎመሪ ካውንቲ እዚህም የራሱን መንገድ ሄዷል። የሱ ክፍያ በየዓመቱ ከንረቱ ጋር ይስተካከላል። በጁላይ 2025 ከ50 በላይ ሠራተኛ ላለው ድርጅት 17.65 ዶላር ሆነ። አሁን የምላችሁን ካርታ ላይ እዩት። ላንግሊ ፓርክ አካባቢ መንገድ ተሻግራችሁ ፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ ስትገቡ የሚሠራው የግዛቱ 15 ዶላር ነው። አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት አውቶብስ፣ የ2.65 ዶላር ልዩነት። በሳምንት 40 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራ 5,500 ዶላር ገደማ ነው። ሥራ ስትፈልጉ መንገዱን መሻገር ዋጋ አለው።

ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። እንደ ተቀጣሪ ስለማይቆጠሩ የደመወዝ ወለሉም የሕመም ፈቃዱም አይመለከታቸውም። ሚኒሶታ በ2024 ለአሽከርካሪዎች በማይል 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም ዝቅተኛ ክፍያ በሕግ ደንግጋለች። ከዚያ ትግል ፊት የነበሩት አብዛኞቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሾፌሮች ናቸው። ኩባንያዎቹ ሚኒያፖሊስን ጥለን እንሄዳለን ብለው ነበር፤ አልሄዱም። እዚህ ዲሲና ሜሪላንድ ላይ ያለነውም ቁጥራችን አያንስም።

የታክሱ ነገር ትንሽ ያቆየኛል። እዚህ ላይ ጥሩም መጥፎም አንድ ላይ አለ።

ጥሩው ይህ ነው። የፌዴራል መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው ተመላሽ አለ፤ ብዙው ሰው ኢአይቲሲ ብሎ ያውቀዋል። ሜሪላንድ ልጅ ላለው ቤተሰብ የዚያን 45 በመቶ ከራሷ ትጨምራለች። በ2023 የወጣ ሕግ ይህን ቋሚ አድርጎታል። በ2025 ገቢ፣ ሁለት ልጅ ላለው ቤተሰብ የፌዴራሉ ጣሪያ 7,152 ዶላር ነው። የሜሪላንዱ ድርሻ እስከ 3,200 ዶላር ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው፣ በአይቲን (በምትኩ በሚሰጥ የታክስ ቁጥር) ታክስ የሚያሳውቅ ሰው የፌዴራሉን አያገኝም። የሜሪላንዱን ግን ያገኛል። የሞንጎመሪ ነዋሪ ከሆናችሁ ደግሞ ካውንቲው በግዛቱ ተመላሽ ላይ ጨምሮ ለብቻው ይልካል። ይህኛው ማመልከቻ የለውም። ታክሳችሁን በትክክል ካሳወቃችሁ ይመጣል።

“በትክክል” ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ሰው ገቢዬ ትንሽ ነው ብሎ ታክስ ሳያሳውቅ ይቀራል። ወይም ተመላሹን ግማሽ ለሚበላ ታክስ ሠሪ ይከፍላል። ቪታ የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ በየአካባቢው በቤተ መጻሕፍትና በማኅበረሰብ ማዕከል ይሠራሉ። ያለፈ ዓመት ካመለጣችሁም እስከ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ መጠየቅ ይቻላል። ባለፈው ክረምት አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ የማውቀው ሰው የሁለት ዓመቱን አንድ ላይ አስገብቶ ያገኘው ገንዘብ የእናቱን የዓይን ሕክምና ሸፍኗል።

መጥፎው ደግሞ የልጅ ተመላሹ ነው። ሜሪላንድ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ 500 ዶላር ትሰጣለች። ወሬው ደስ ይላል። ግን ሙሉውን የሚያገኘው የቤተሰቡ ገቢ በዓመት ከ15,000 ዶላር የማይበልጥ ነው። ከዚያ በላይ እየቀነሰ ሄዶ 25,000 ዶላር አካባቢ ያልቃል። እስቲ አብረን እናስላ። በ15 ዶላር ዝቅተኛ ክፍያ፣ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ አንድ ሰው በዓመት 31,200 ዶላር ያገኛል። ያው ግዛት “ከዚህ በታች አይከፈል” ባለው ደመወዝ ሙሉ ጊዜ የሠራ ወላጅ፣ ያው ግዛት “ለችግረኛ ልጅ” ባለው ገንዘብ ፊት ሀብታም ሆኖ ይቆጠራል። አንድ ሳንቲም አያገኝም። ሁለቱን ሕግ ያወጣው አንድ ምክር ቤት ነው። ሚኒሶታ በ2023 ያወጣችው ለአንድ ልጅ እስከ 1,750 ዶላር ነው፤ መቀነስ የሚጀምረውም ገቢው ወደ 30,000 ዶላር ሲጠጋ ነው። እርግጥ ሚኒሶታ ያኔ ካዝናዋ ሞልቶ 17.5 ቢሊዮን ዶላር ተርፏት ነበር። ሜሪላንድ በ2025 የገጠማት ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ጉድለት ነው። ሕገ መንግሥቷም በጀቱ እኩል ይሁን ይላል። በዓመት ከ500,000 ዶላር በላይ በሚያገኙት ላይ ታክስ ጨምረው ነው ከፊሉን የሸፈኑት። ልክ ነበሩ እላለሁ። ግን ጉድለቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘገየው የማን ነገር እንደሆነ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

ወዳጄ የምትሠራው ሜሪላንድ ውስጥ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ነው። ልጇን በጁን ወለደች። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሥራ ገባች። ከአምስቱ ሳምንታት የተከፈላት አንዱ ብቻ ነው። ያም በ2018 በሥራ ላይ በዋለው የሕመም ፈቃድ ሕግ፣ በየ30 ሰዓቱ አንድ ሰዓት እየተጠራቀመ የተገኘ 40 ሰዓት ነው። የቀሩትን አራቱን ያለ ክፍያ ቤቷ ተቀመጠች።

ከሷ በታች ባለው ፎቅ ሌላ ሐበሻ እናት አለች። እሷም በዚያው ሰሞን ወለደች። የምትሠራው ዲሲ፣ ሆቴል ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት ተከፍሏት ቤቷ ተቀመጠች። ዲሲ ከጁላይ 2020 ጀምሮ የተከፈለ የወሊድ ፈቃድ ትሰጣለች። የሚታየው የምትሠሩበት ቦታ ነው እንጂ የምትኖሩበት አይደለም። ሁለቱ እናቶች በአንድ ሊፍት ነው የሚወርዱት። ወዳጄ የአምስት ሳምንት ጨቅላ ትታ፣ ጡቷ እየፈሰሰ፣ ዩኒፎርሟ ሥር ጨርቅ አድርጋ ስትወጣ፣ ያቺኛዋ ልጇን አቅፋ ፀሐይ ልታሞቀው ትወርዳለች።

ሜሪላንድ ይህ ሕግ ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም። አላት። በ2022 ነው የወጣው። የዚያን ጊዜው ገዥ ላሪ ሆገን አልፈርምም አሉ፤ ምክር ቤቱ ተቃውሟቸውን ሽሮ አጸደቀው። እስከ 12 ሳምንት፣ በሳምንት እስከ 1,000 ዶላር። ክፍያው ሊጀመር የታሰበው በ2025 መጀመሪያ ነበር። ወደ 2026 ገፋ። እንደገና ተገፋ። በ2025 ምክር ቤቱ ጃንዋሪ 2028 ብሎ አስተላለፈው። የወዳጄ ልጅ ያኔ ሁለት ዓመት ተኩል ይሆነዋል።

ምክንያት ይሰጣሉ። መዋቅሩ አልተዘጋጀም፤ የፌዴራል ሠራተኛ እየተባረረ ነው፤ ቀጣሪዎች ተጨንቀዋል። ሐሰት አይደለም፤ እዚህ አካባቢ ከሥራ የተቀነሰ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሚኒሶታ ሕጓን ያወጣችው በ2023፣ ከሜሪላንድ በኋላ ነው። ክፍያ የጀመረችው ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ነው። ዘግይቶ የተነሣ ቀድሞ ገባ። ይህን ሳይ “አልተቻለም” የሚለው ቃል አይዋጥልኝም።

ዴይኬሩም እንዲሁ ነው። ሜሪላንድ ለዴይኬር የምትሰጠው ድጎማ በ2022 በጣም ሰፍቶ ነበር። ገቢያቸው እስከ ግዛቱ መካከለኛ ገቢ 75 በመቶ የሚደርስ ቤተሰቦች ገቡበት። ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ ተጠቅሟል። ቤታቸው ውስጥ ዴይኬር ከፍተው የሚሠሩ እህቶቻችንም ከዚያ ነው የሚኖሩት። ጥሩ ሕግ ስለነበረ ሰው በዛበት፤ ሰው ሲበዛ ገንዘቡ አጠረ። ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ከጥቂት የተለዩ በስተቀር፣ አዲስ ተመዝጋቢ መውሰድ ቆመ። ወረፋ ብቻ ቀረ። ወዳጄ የወለደችው በሩ በተዘጋ በሁለተኛው ወር ነው።

ወረፋው ውስጥ ለመግባት እንኳ ምን እንደጠየቋት አይቻለሁ፤ አብሬያት ነው የሞላሁት። የሷ የደመወዝ ወረቀት፣ የባሏ የኡበር ገቢ፣ የቤት ውል፣ የልጁ የልደት ወረቀት፣ የሥራ ሰዓቷን የሚያሳይ ደብዳቤ። የባሏ ገቢ በየሳምንቱ ይለያያል፤ ፎርሙ ግን አንድ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ማታ ከሺፍት መጥታ፣ ልጁን እያጠባች፣ በስልክ ፎቶ እያነሣች ነው የላከችው። አንዱ ፎቶ ጥቁር ሆኖ መጣ ተብሎ ተመለሰ። እንደገና ላከች።

የመድኃኒት ዋጋ የሚቆጣጠር ቦርድም በ2019 ተቋቁሟል፤ እስካሁን ግን ፋርማሲ ሄደን የሚሰማን ለውጥ የለም። በ2021 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ገቢው ዝቅ ያለ ተከራይ ከቤት ሊወጣ ሲከሰስ ነፃ ጠበቃ እንዲያገኝ ይላል። ይህኛው እውነተኛ ነው፤ ይሠራል። 211 ደውሎ መጠየቅ ብቻ ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ያገኛችሁ፣ እባካችሁ አትፍሩ፤ ቀኑ ሳያልፍ ደውሉ።

እንግዲህ ነገሩን ስቆጥር ያገኘሁት ይህ ነው። ዲፖዚቱ፣ የደመወዝ ወለሉ፣ የመብራቱ ተመላሽና ካውንቲው የሚልከው ገንዘብ ቤታችን የደረሱት ደጅ ስለማያስጠኑ ነው። ሠራተኛ ሰው ጊዜ የለውም። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ፎርም ሞልቶ፣ ስልክ ላይ 40 ደቂቃ ጠብቆ፣ ወረቀት ተመልሶበት እንደገና የሚልክበት ሰዓት ከየት ያመጣል? ማመልከቻ የሚጠይቀው ሕግ የሚጠቅመው አንድም ጊዜ ያለውን ነው፤ አለዚያም እንደኔ ዓይነት ፎርም የሚሞላ ጓደኛ ያለውን። ገንዘብ የሚጠይቀው ሕግ ደግሞ ካዝናው ሲሳሳ ቀድሞ ይገፋል። የወሊድ ፈቃዱም ዴይኬሩም የቀሩት በዚህ ነው።

የምክር ቤቱ ስብሰባ በየዓመቱ በጃንዋሪ ይከፈታል። በዚያ 90 ቀን ውስጥ ለወረዳችሁ ተወካይ የምትጽፉ ከሆነ ሁለት ነገር ለዩና ጠይቁ። የልጅ ተመላሹ የገቢ ጣሪያ ቢያንስ ሙሉ ጊዜ በ15 ዶላር የሚሠራ ወላጅ ወደሚያገኘው ይድረስ። የዴይኬሩ በር ይከፈት። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ያምር ብላችሁ አትጨነቁ። አድራሻችሁ የወረዳው ከሆነ ይበቃል።

ወዳጄ ጋ ያን ቀን ቡናውን ያፈሉት እናቷ ናቸው። ሊያርሷት ከአዲስ አበባ በጁን መጡ። ያኔ ልጁን ቀን ቀን የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ከአፓርታማው ብዙም አይወጡም ነበር። ፖስታዎቹን ስንከፍት ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና “ዴይኬሩ ፈቀዱ?” ብለው ጠየቁኝ። ገና ወረፋ ላይ ነን አልኳቸው። የቪዛቸው ስድስት ወር ዲሴምበር ላይ ይሞላ ነበር። ትኬታቸው ተቆርጦ ነበር።